ከላስታ ያመጣሁት የበግ ጉልበት

ኅዳር 13
ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ለአንድ የበግ ጉልበት ነው። የይለፍ ወረቀቱን የሰጠኝ ጓድ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ «እዚህ በግ ጠፋ እንዴ?» አለኝ። አልጠፋም። ቤተ ሙከራችን ከመጋጠሚያ ላይ ልም አጥንት እየላጠ፣ በውስጡ ያሉትን ሴሎች ለይቶ ለማራባት ይሞክራል፤ ያለቀ ጉልበት አንድ ቀን በዚህ ይጠገን እንደሆነ ለማየት። አለቃዬ አሁን የፈለጉት ዕድሜዋን ሙሉ ገደል ስትወጣና ስትወርድ ያረጀች በግ ነው። ሴሎቹ በሕይወት መድረስ አለባቸው፤ ለዚህም በረዶ የሞላ ፔርሙስ ይዣለሁ። ከነገ ወዲያ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ነገ ካላገኘሁ እስከ ገና የሚያርድ የለም።

አውሮፕላኑ አቧራ እያስነሣ ሜዳው ላይ አረፈ። ላሊበላ አደርኩ።

ኅዳር 14
በቅሎ በአምስት ብር ተከራይቼ ወደ ገነተ ማርያም ሄድኩ። ቁልቁለቱን ፈርቼ፣ ዳገቱን ለበቅሎዋ አዝኜ በእግሬ ስለሄድኩ፣ ለምን እንደተከራየኋት እኔም አላውቅም። በየማሳው ገብስ ይታጨዳል።

አንድ ወዳጄ የላከኝ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ነበር። የአሮጊት በግ የጉልበት አጥንት እንደምፈልግ አስቀድሜ ልኬባቸው ስለነበር፣ ለቅበላው አንዷን አርደው ጠበቁኝ። ቅቅሉን በልቼ፣ ሁለቱን ጉልበት በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ የይለፍ ወረቀቴን ማኅተም ለማስመታት ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሄድኩ። ስመለስ እትዬ ጥሩነሽ መጋጠሚያዎቹን ከፍተው፣ እስከ ውስጥ ድረስ በጨው አሽተው ሰቅለዋቸዋል።

«መንገድ ላይ እንዳይሸትብህ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

ጨው የሴሎቹን ውኃ መጦ ይገድላቸዋል።

«ሞቱ እኮ፣ እትዬ» አልኩ።

«ማን ሞተ?» አሉ ደንግጠው።

በጓ ብትታረድም ልም አጥንቷ ውስጥ ያሉት ሴሎች በቅዝቃዜ ከተያዙ እስከ ነገ እንደሚኖሩ፣ የሰውንም ጉልበት አንድ ቀን ይጠግኑ እንደሆነ እንደምንሞክርባቸው ነገርኳቸው። እትዬ ጥሩነሽ አፋቸውን ያዙ። ጎረቤታቸው መሪጌታ ወልዴ ከጥግ ሆነው ይሰሙ ነበር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መስገድ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

«የኔም በግ አሮጊት ናት» አሉ። «እስቲ ንገረኝ፤ ይኼ ነገር ለኔ ይደርሳል?»

መዋሸት አማረኝ። የበጓን ጉልበት ምን ያህል እንደፈለግሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

«አይደርስም፣ የኔታ። ምናልባት ለልጅ ልጆችዎ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? መሽቶብሃል» ብለው ቢላዋ አስመጡና በጋቸውን አሳረዱልኝ።

መጋጠሚያውን ራሴ ከፈትኩ። ነጩን ልም አጥንት በንጹሕ ምላጭ ስስ ስስ አድርጌ ልጬ፣ ሴሎቹን የሚያቆይ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ጨመርኩ። ብልቃጡን ፔርሙሱ ውስጥ ከተረፈው በረዶ መሀል ቀበርኩት።

ኅዳር 16፣ አዲስ አበባ
ትናንት እንደገባሁ ልም አጥንቱን አጥቤ ከተፍኩት፤ ሴሎቹን ፈትቶ የሚለቅ ኢንዛይም ጨምሬ በሰው ገላ ሙቀት አሳደርኩት። ዛሬ አጥልዬ፣ የሞተውን ሴል ሰማያዊ የሚያደርገውን ቀለም ጠብ አደረግሁና በማይክሮስኮፕ አየሁ። አብዛኞቹ ቀለሙ አልገባባቸውም። አለቃዬ አይተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

የጨው ነገር የኔ ጥፋት ነው። አጥንት ብቻ ጠየቅሁ፤ በውስጡ ሕይወት እንዳለ ለእትዬ ጥሩነሽ አስቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ በደህና ይጠብቁልኝ ነበር። ለየኔታም «ሴሎቹ በሕይወት ደርሰዋል» ብዬ ጻፍኩ። እኔ በእሳቸው ቦታ ሆኜ «ለአንተ አይደርስም» ብባል፣ ያን ቢላዋ አላስመጣም ነበር።