የአራት ደቂቃ ማልያ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ታናሽ እህቴን ትዕግሥትን ለማግባት ዳረን የሚባል አውስትራሊያዊ የራግቢ ተጫዋች ባለፈው እሁድ ሦስት ሐበሻ ሽማግሌዎች ልኮ ነበር። በደንቡ መሠረት ቆመው ተናገሩ፤ «ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ዓመታት የተሰለፈ ጀግና!» «ቁጭ በሉ» ማለት እሺ ማለት ነውና፣ ቤተሰቡን የሚወክሉት አጎታችን ጋሼ ተፈራ እንዲያ አላሉም። «ሥራውን ሳላይ መልስ የለኝም። ለሳምንት ተመለሱ።»

ሥራው አሌክሳንድሪያ የምትባል ጎረቤት ከተማ ነው። ይኸው፣ ገና ሳይነጋ በኔ ኮሮላ ወጣን።

1 ሰዓት፣ ታኮማ ፓርክ

ነዳጅ ማደያ። የደረቀ ዶናት፣ የቀጠነ ቡና።

«ጋሼ፣ ኳስ ታቅፎ መሮጥም ሥራ ሆነ?»

«አንቺ ዝም ብለሽ መኪናሽን ንጂ።»

«እታለም፣ ፕሊስ!» አለች ትዕግሥት ከኋላ። ጥፍሯን በልታ ጨርሳለች።

3 ሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ

ከትምህርት ቤት ጀርባ ጭቃ ሜዳ። ሠላሳ ጎረምሳ እንደ ወይፈን ይጋፋል፤ ለምን ቢሉ ፓፓያ ለምትመስል ኳስ! ዳረን ፊሽካ አንጠልጥሎ ዳር ዳሩን ያነክሳል፤ አሰልጣኝ ነው። ጆሮው የተጨመቀ ሎሚ። ሲያየን መጣና ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ጋሼን ጨበጠ። ማን እንዳስጠናው አላጣሁትም።

«ለአገርህ ስንት ዓመት ተጫወትክ በይልኝ» አሉ ጋሼ።

ጠየቅኩት። ትዕግሥት ክንዴን ያዘች።

«አራት ደቂቃ» አለ።

ተቀይሮ ገባ፣ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፣ በቃሬዛ ወጣ። ዳግመኛ የጠራው የለም። ከዚያ ፈረንሳይ፣ ከዚያ ጃፓን፣ የሚከፍለው ክለብ ዘንድ እያነከሰ እዚህ ደረሰ። ይህን ሁሉ ለጋሼ ተረጎምኩና ከራሴ ጨመርኩበት፤ «በአራት ደቂቃ እንቁላል እንኳ በቅጡ አይበስልም!»

«ሽማግሌዎቹ ግን ዓመታት ነው ያሉኝ» አሉ ጋሼ።

«እኔን ሊያሳምሩ ብለው ነው» አለ ዳረን። «አራት ደቂቃ ነው።»

6 ሰዓት፣ ቤልትዌይ

ቀለበት መንገዱ በመኪና ተዘግቷል፤ አፌ ግን አልተዘጋም። ሽማግሌዎቹ ቀጣፊ፣ ሙሽራው አንካሳ፣ ጀግንነቱ አራት ደቂቃ! ትዕግሥት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታለቅሳለች።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ጋሼ ተፈራ ሦስት ወንበር ሳቡላቸው።