መስመር አሥራ ሰባት

መሪጌታን እጠላቸው ነበር። አሁን ነገሩን ለማለስለስ «አንግባባም ነበር» ብል ውሸት ይሆናል፤ እጠላቸው ነበር፣ እሳቸውም ይጠሉኝ ነበር። ከአርብ ገበያ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን እንሠራ ነበር። እኔ የኮምፒዩተር መምህር፣ እሳቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ቤተ ልሔም በሚባለው የድጓ ጉባኤ ቤት ድጓ የተማሩ፣ እሑድ እሑድ ቅኔ ማሕሌት የሚቆሙ፣ በሥራ ቀን ደግሞ የተማሪ ውጤት በሮስተር ላይ የሚያሰፍሩ ሰው ናቸው። የከፋው ነገር፣ የቱንም ያህል ብጠላቸው «አንተ» ማለት አልችልም። በልቤ እየተሳደብሁ በአፌ «እርስዎ» እያልሁ ዓመታት አሳለፍሁ።

ጥላችን የጀመረው በባዶ መስመር ነው። እሳቸው ሮስተር ሲያዘጋጁ ሰፊውን ወረቀት በማስመሪያ ያሰምራሉ፣ ስሞቹን በፊደል ተራ ይጽፋሉ፣ ከዚያ በየፊደሉ መጨረሻ ሁለት ሦስት መስመር ባዶ ይተዋሉ። ኮምፒዩተር የገባልን ዓመት ርእሰ መምህሩ ሮስተሩን በሙሉ ወደ ኤክሴል እንዳዛውር አዘዘኝ። ባዶዎቹን መስመሮች ሳያቸው ጥርሱ የወለቀ አፍ መሰሉኝና አስጠሉኝ። ለምን እንደተዉአቸው ስጠይቃቸው፣ ገብስ አጨዳ ሲደርስ የሚጠፋ ተማሪ እንዳለ፣ ውቂያው አልቆ ሲመለስ በፊደሉ ቦታ እንዲገባ መሆኑን ነገሩኝ። ሳቅሁ። ያውም መምህራን ሁሉ በተሰበሰቡበት ነው የሳቅሁት። ከዚያ ባዶዎቹን አንድ በአንድ ሰረዝኋቸው።

ስምንት ክፍል ነበረን፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሺት፣ አንድ የኤክሴል ገጽ ማለት ነው። ካርድ የሚታተምበት ደግሞ ሌላ ሺት ነው፤ ከስምንቱ የእያንዳንዱን ተማሪ አማካይ ውጤት እየለቀመ የሚያመጣ። መጀመሪያ የተጠቀምሁት ተራውን ፎርሙላ ነበር። መምህራኑ ግን ሴል፣ ቁጥር የሚጻፍባትን ሳጥን፣ ቆርጠው ሌላ ቦታ ይለጥፋሉ፣ መስመር ያጠፋሉ፣ ፎርሙላው ይበላሻል፤ ይጠሩኛል፣ አስተካክላለሁ፣ በማግስቱ እንደገና ያበላሹታል። ተንገሸገሽሁ። በዚያው ሰሞን ደብረ ታቦር ለአጭር ሥልጠና ሄጄ ኢንዳይሬክት የሚባለውን ፎርሙላ ተማርሁ።

ተራ ፎርሙላ የሚከተለው ሴሉን ራሱን ነው፤ ሴሉ ወደ ታች ሲወርድ አብሮት ይወርዳል። ኢንዳይሬክት ግን የሚይዘው በጽሑፍ የተሰጠውን አድራሻ ነው። «የዘጠነኛ ሀ ሺት፣ መስመር አሥራ ሰባት» ከተባለ፣ ሰማይና ምድር ቢገለባበጥ መስመር አሥራ ሰባት ሄዶ እዚያ ያገኘውን ያመጣል። እዚያ ማን እንደተቀመጠ አይጠይቅም። እኔ ይህን ጥንካሬ አድርጌ ቆጠርሁት። በካርዱ ሺት ላይ በየስሙ አንጻር የመስመሩን ቁጥር በእጄ ጻፍሁና ከእንግዲህ ማንም ቢነካካው ንቅንቅ አይልም ብዬ ለርእሰ መምህሩ ፎከርሁ።

የሚጮኹ ስሕተቶችማ ነበሩት። አንድ መምህር የሺቱን ስም ከለወጠ ፎርሙላው የድሮውን ስም ይዞ ይቀርና ዓምዱ በሙሉ በስሕተት ምልክት ይሞላል። በስሙ መካከል ክፍት ቦታ አስገብቶ በነጠላ ጥቅስ ካልታጠረም ያው ነው። ውጤቱ ሌላ ፋይል ውስጥ ከሆነና ያ ፋይል ከተዘጋም ያው ነው። እነዚህን አልጠላቸውም፤ ተበላሽቻለሁ ብሎ የሚናገር ነገር ጨዋ ነው። የምጠላው ደህና መስሎ የተሳሳተ ቁጥር የሚያቀብለውን ነው፤ እስከ ዛሬም እጠላዋለሁ።

ጥር ላይ ሦስት የዘጠነኛ ሀ ተማሪዎች ከውቂያ ተመለሱ። ያመለጣቸውን ፈተና እንዲፈተኑ ተፈቀደላቸው። መሪጌታ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው ስማቸውን የት እንደሚያገቡ ጠየቁኝ። ሻይ እየጠጣሁ ነበር፤ እንኳን ልነሣ ቀና ብዬም አላየኋቸው። መስመር መጨመር አሳይቼዎታለሁ፣ ራስዎ ያስገቡ አልኋቸው። በሁለት ጣታቸው እየፈለጉ ሦስቱንም በፊደላቸው ቦታ አስገቡ፤ በክፍሉ ሺትም በካርዱ ሺትም። እኔ በኋላ ገባሁና ለሦስቱ ብቻ ፎርሙላ ሞላሁ። ከበታቻቸው ያሉት ሁሉ ወደ ታች እንደወረዱ፣ እኔ የጻፍሁላቸው አድራሻ ግን እንዳልወረደ አላስተዋልሁም። አንድም የስሕተት ምልክት አልወጣም። በየስሙ አንጻር ደህና የሚመስል ቁጥር ተቀምጧል፤ ቁጥሩ ግን የሌላ ተማሪ ነው።

ሰኔ መጨረሻ ካርድ ታደለ። ገና አድለን ሳንጨርስ አንድ የዘጠነኛ ሀ ተማሪ ቢሮዬ መጣ። ቤተሰቦቹ በስማዳ በኩል ገበሬዎች ናቸው፤ ከተማ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይማራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቁን ለማምጣት እስከ ቤቱ በእግሩ ይመላለሳል። ከክፍሉ ከአንድ እስከ ሦስት ከሚወጡት አንዱ ነው። ካርዱ አማካይ ውጤት አርባ ሦስት ይላል፤ ከሥሩ «አልተዛወረም»። ካርዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ መምህር ተሳስቷል አለኝ። ያን ቀን ቅሬታ መስማት ሰልችቶኝ ነበር። ወድቆ ተሳስቷል የማይል ተማሪ አይቼ አላውቅም፣ ሂድ አልሁት። አልተከራከረም፤ ሄደ።

ቀጥለው መሪጌታ ገቡ። በብብታቸው ትልቅ ደብተር ይዘዋል። ለካ ዓመቱን ሙሉ፣ እኔ ሳላውቅ፣ ሮስተሩን በእጃቸውም ይጽፉ ኖሯል።

«የዚህ ልጅ አማካይ ሰማንያ አንድ ነው» አሉኝ። «አንድ በአንድ ደምሬዋለሁ።»

«እና እርስዎ በጣትዎ የደመሩትን ይዤ ካርድ ልቀይር?»

«አትቀይር። ክፈተውና እየው ነው የምልህ። ማየት ምን ይከብድሃል?»

አልከፈትሁም። ደብተርዎን ይዘው ይውጡ፣ የቀለምና የብርዕ ዘመን አልፏል፣ ባልገባዎት ነገር መቅናት አይበጅም፣ እያልሁ ሁሉንም በ«እርስዎ» አወረድሁባቸው። ፋይሉን ለመክፈት አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ያልከፈትሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም። እሳቸው ልክ ሆነው ከሚገኙ የልጁ ውጤት እንደተበላሸ ቢቀር መርጬ ነው። ያኔ ይህን ለራሴ አልተናገርሁትም፤ ያደረግሁት ግን ይህንኑ ነው።

ሌሎቹ ተማሪዎች ለምን ዝም አሉ የሚል ይኖራል። ያላገኘው ነጥብ የተሰጠው ዝም አለ። ጥቂት ነጥብ የጎደለበት ዕድሌ ነው ብሎ ተወው። አፍ አውጥቶ የተናገረው ያ ልጅ ብቻ ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡትን ስም ዝርዝር ላትም ፋይሉን ከፈትሁ። ከዘጠነኛ ሀ ሁለተኛ የወጣው ዓመቱን ሙሉ የኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ ያሳለፈ ተማሪ ነው። አማካዩ ሰማንያ አንድ። የክፍሉን ሺት ከፍቼ አመሳከርሁ። ካርዱን ይዞ ቢሮዬ የመጣው ልጅ ከመስመር አሥራ ሰባት ወደ ሃያ ወርዷል፤ የኔ ፎርሙላ ግን አሁንም አሥራ ሰባት ላይ ቆሞ፣ ከሱ ሦስት ሰው በላይ የነበረውን ደካማ ተማሪ ውጤት እያመጣ ለሱ ይሰጠዋል። የሱን ደግሞ ከበታቹ ላለው ሰነፍ ሰጥቶታል።

መጀመሪያ ያደረግሁትን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይቀላል። ወደ ርእሰ መምህሩ ሮጥሁና መሪጌታ መስመር ጨምረው ሥራዬን አበላሹት አልሁ። እሱም መስመር መጨመር እንደማይቻል ነግሬአቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። አልነገርኋቸውም። እንዲያውም ራስዎ ያስገቡ ያልሁት እኔ ነኝ። ቢሮዬ ተመለስሁና የመስመር ቁጥሮቹን አጥፍቼ፣ ፎርሙላው የተማሪውን መታወቂያ ቁጥር ፈልጎ እሱ ያለበትን መስመር እንዲያመጣ አደረግሁ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ግማሽ ሰዓት!

አዲስ ካርድ አትሜ፣ አስፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ መዝገብ ቤት ሄድሁ። የልጁን ወላጆች ቤት የሚያውቁት መሪጌታ ነበሩ። ካርዱን አዩት፣ በደብተራቸው ያለውን ሰማንያ አንድ አዩት፣ ካርዱን መለሱልኝ።

«ልጁ መተማ ወርዷል» አሉኝ። «ሰሊጥ ሊያርም። ካርዱን በወሰደ በሦስተኛው ቀን።»

አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኋቸው። ወደ ስማዳ በኩል በእጃቸው ጠቁመው፣ ወንዙን እንደተሻገርህ በስተቀኝ ነው አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም፤ አሁንም አልታረቅንም። ልክ መሆናቸው ይበልጥ እንድጠላቸው አደረገኝ እንጂ።

በማግስቱ በጭቃ ስንሸራተት ውዬ ደረስሁ። አባትዬው እርሻ ላይ ነበሩ። የልጃቸው መምህር መሆኔን ስነግራቸው በሬዎቹን አቁመው፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጨበጡኝ። ያ አክብሮት ከስድብ ይልቅ አመመኝ። ስሕተት ተፈጥሮ እንደነበር፣ ልጃቸው ወደ አሥረኛ ክፍል እንደተዛወረ፣ ሁለተኛ እንደወጣ ነገርኋቸው። «ስሕተት ሠራሁ» አላልሁም፤ «ስሕተት ተፈጥሮ ነበር» ነው ያልሁት። ካርዱን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«ልጄስ ነግሮኝ ነበር፣ መምህር» አሉ። «ደብተሩን ዘርግቶ አንድ በአንድ ደመረልኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ወድቋል እያለ አንተ ታታልለኛለህ ብዬ፣ በወንድሞቹ ፊት በበትር መታሁት። ሲሄድ አልተሰናበተኝም።»

መተማ ሰው ልከው እንዲያስመልሱት፣ መስከረም ላይ ቦታው እንደሚጠብቀው፣ ካርዱን ይዘው እንዲያሳዩት ነገርኋቸው። እሳቸውም በእጄ የያዝሁትን ካርድ በጣታቸው ነኩት፤ ክቡን ሰማያዊ ማኅተም።

«ያኛውም ይህ ነበረው» አሉኝ። «አሁን የትኛውን ነው እመን የሚሉኝ?»

በሬዎቻቸውን መልሰው ነዱ፤ እኔም ካርዱን ይዤ ተመለስሁ። ልጁ መስከረም ላይ አልተመዘገበም። በሚቀጥለውም ዓመት አልተመዘገበም።