ከመርካቶ ያመጣሁት ቀይ ሰልባቲዮ

ከድሬዳዋ የተነሳሁት ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ነው። የሄድኩት ለገበያም ለዘመድ ጥየቃም አልነበረም። ወንድሜ ግርማ አልጋ ላይ ከዋለ ወራት አልፈውታል። ሐኪሞቹ ኩላሊቱ አልሠራ ብሏል፣ ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን ብለው መልሰውልኛል። ምን ላብላህ፣ ምን ልግዛልህ ስለው እምቢ ሲለኝ ከርሞ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊቱን ከግድግዳው ወደ እኔ መለሰና «ሙሉ፣ የሞተሬን ሰልባቲዮ አምጪልኝ» አለኝ።

ሰልባቲዮ ማለት የነዳጅ ታንክ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ይህን ቃል ያወቅኩት በእሱ ምክንያት ነው።

«አቦ፣ አሁን ብረት ምን ይሠራልሃል?» አልኩት።

«ሁለቱ ጎኑ ላይ ቀለሙ ተልጦ ታገኚዋለሽ። ስጋልብ በጉልበቴ ነው የላጥኩት። አንዴ ልንካው።»

እግሮቹ ብርድ ልብሱ ስር ያሉም አይመስሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ እምቢ ልበለው? ጎረቤቴ እትዬ አስካለ «ሂጂ፣ እኔ ከአጠገቡ አልለይም» አሉኝ። ስልክ ያለው እሳቸው ቤት ስለሆነ፣ ከባሰበት የሚደውሉበትን የሐጂ ሸምሱን የሱቅ ቁጥር ሰጥቻቸው ወጣሁ። ሐጂ ሸምሱ ማን እንደሆኑ እነግራችኋለሁ፣ መንገዱ ረጅም ነው።

ከደንገጎ እስከ አዋሽ

አውቶቡሱ የደንገጎን ዳገት እያቃሰተ ወጣ። ትኬቱ ስልሳ ብር ነው፣ ለስልሳ ብር ግን ጉልበቴን የማሳርፍበት አጣሁ። ቁልቢን አለፍን፣ ሂርና ላይ ጫት ሻጮች መስኮቱን ወረሩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ገና ሳንነሳ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። እኔም ሐሳቤን ይዤ ተቀመጥኩ።

ግርማ መርካቶ የገባው ገና ጢሙ ሳይወጣ ነው። ሶማሌ ተራ፣ የመኪናና የሞተር መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር፣ ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ የስልጤ ሰው ጎማ ያስመጣሉ። ግርማን በሞተር ሳይክል ዕቃ እንዲያደርስላቸው ቀጠሩት። የመርካቶን ሰባተኛ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፣ ተሸካሚው፣ ጋሪው፣ ውይይት ታክሲው፣ የሚነዳው በግ ሁሉ አንድ ላይ ነው። ግርማ በዚያ መሀል ሁለት ጎማ አንገቱ ላይ አጥልቆ ማንንም ሳይነካ ያልፋል። ዞር ስትል የለም፣ ሽው ብሏል። «ግርማ ሽው» የሚለው ስም ያኔ ወጣለት።

የሞተር ውድድር ሲኖር ሐጂ ቀይ የውድድር ሞተር ገዙለት። የወር ደሞዝ ቆረጡለት፣ የሱቃቸውን ስም ጀርባው ላይ አጻፉለት፣ ከዚያ ወዲያ ሥራው መወዳደር ብቻ ሆነ። አባታችን «ሰው ሽው ብሎ እንዴት ደሞዝ ይበላል?» እንዳሉ ነው የሞቱት። ናዝሬት ላይ አሸነፈ። ድሬ ላይ የሰፈሩ ልጆች እያዩት አሸነፈና ከንግድ ባንኩ እስከ ቤታችን በትከሻ ተሸክመው አመጡት። ናይሮቢ ድረስ ሄዶ ሦስተኛ ሲወጣ ለእኔ የእጅ ሰዓት አመጣልኝ። ሰዓቱ አልሠራም፣ እኔ ግን ለሰው ሁሉ እያሳየሁ አደረቅኳቸው።

ግርማ የወደቀው ዝናብ በጣለበት እሁድ አዲስ አበባ ላይ ነው። መታጠፊያው ላይ ከፊቱ አንድ ተወዳዳሪ ወደቀ። ግርማ እሱ ላይ ላለመውጣት መሪውን ጠመዘዘና ከግንብ ጋር ተላተመ። የወደቀው ልጅ ተነስቶ ጭቃውን አራገፈ፣ የእኛው ግን ዳሌው ተሰበረ። ሲሻለው ልመለስ ብሎ ነበር። ሰዎች አንስተው ሞተሩ ላይ ያስቀምጡታል፣ መጋለቡንም ይጋልባል፣ ሲቆም ግን መሬት የሚረግጥበት እግር የለውም። ሐጂ ደሞዙን አላቋረጡበትም። እሱ ነው «ሳልሠራ አልበላም» ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ እኔ ጋ የመጣው።

ሞተሩ እንደ መርካቶ ወግ ታረደ። መርካቶ ውስጥ መኪናም ሞተርም ተፈቶ ሲሸጥ «ታረደ» ነው የሚባለው፣ ጎማው ለአንዱ፣ መሪው ለሌላው ይሄዳል። ሰልባቲዮውን ብቻ ሐጂ አልሸጡትም ሲባል ሰምተናል።

አዋሽ ላይ ምሳ ቆምን። የፍየል ጥብስ በአሥራ አምስት ብር በላሁ። ብዙ ጊዜ እህል አልበላ ብሎኝ ከርሞ ነበር፣ ያን ቀን ግን ሳህኑን ጠረግኩት። ለወንድሜ አንድ ነገር ልሠራለት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ መሽቷል። «እትዬ ልሸከም!» የሚል መዓት ተሸካሚ ቦርሳዬን ከሁለት በኩል ያዘው። «ልቀቁ፣ ቦርሳ ነው እንጂ ሬሳ አይደለም!» ብዬ ጮህኩባቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው ኖሮ። ሰባተኛ አካባቢ በሃያ አምስት ብር አልጋ ያዝኩ። አንሶላው ታጥቧል ወይ ስለው አከራዩ የቀበሌ መታወቂያዬን እያገላበጠ «ለእርስዎ ሲባል ይታጠባል» አለኝ። ሳይታጠብ ተኛሁበት።

የሐጂ ገድ

ማክሰኞ ጠዋት ሶማሌ ተራ ገባሁ። መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። መዶሻው፣ ጥሩምባው፣ «ዞር በሉ!» የሚለው ጩኸት ጆሮ አያስቀምጥም። ሐጂ ሸምሱ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ስል ከመደርደሪያው በላይ በሽቦ ተሰቅሎ አየሁት። ቀይ ነው፣ በሁለቱም ጎን ብረቱ እስኪታይ ተልጧል። የወንድሜን ጉልበት ያየሁ መሰለኝና እንባዬ መጣ።

«ሐጂ፣ የግርማ እህት ነኝ።»

ብድግ አሉ። «የሽው እህት! ያ አላህ! ልጁ እንዴት ነው?»

«በጣም ታሟል ሐጂ። ሰልባቲዮውን ይላኩልኝ ብሏል።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ሌላ ጠይቂኝ ልጄ። መድኃኒት ልግዛለት፣ ሐኪም ልላክለት። እሱ ግን ገዴ ነው፣ አይወርድም።»

መርካቶ ገድን እንደ ንብረት ነው የሚይዛት። አንዱ ነጋዴ የጠዋቱን የመጀመሪያ ገዢ ቢከስርም ባዶ እጁን አይሸኝም፣ ሌላው ሱቁን ያለ ቀኝ እጁ አይከፍትም። የሐጂ ገድ ሰልባቲዮው ነው። እሱን ከሰቀሉ ወዲህ ሱቁ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የጎረቤቱ ሱቅ ሲቃጠልም እሳቱ የእሳቸው ግድግዳ ላይ ሲደርስ ቆሟል። ይህንን የነገረኝ ነስሩ ነው፣ ከግርማ ጊዜ ጀምሮ እዚያ የሚሠራ፣ ጢሙ ሸበት ያለ ዝምተኛ ሰው።

«እንግዲያው እኔም ከዚህ አልነሳም» ብዬ አንድ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ገዢ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እኔ ተቀምጫለሁ። ሐጂ ለዙሁር ሰላት መስጊድ ሄደው ሲመለሱ አሁንም ተቀምጫለሁ።

«ሐጂ፣ ይህን ገድ ያመጣልዎት ማን ሆነና ነው?»

«እሱ ነው፣ ወላሂ እሱ ነው። አልካድኩም እኮ።»

«ታዲያ ለባለቤቱ አይመልሱም?»

«ልጄ፣ በዚህ ሱቅ ስንት ቤተሰብ እንደሚያድር ታውቂያለሽ? እሱን ላውርድና አንድ ነገር ቢመጣ ለእነሱ ምን ልበላቸው?»

መለሱልኝ፣ መለስኩላቸው። ነስሩ ሻይ አምጥቶልኝ «ይጠጡ እትዬ» ብሎኝ ይሄዳል። ሱቁ ሲዘጋ ሐጂ «ነገ ነይ፣ መልሱ ግን ያው ነው» አሉኝ። ሌሊቱን ነገ የምላቸውን ሳጠና አደርኩ።

ሸማ ተራ

ረቡዕ ለጠብ ተዘጋጅቼ ደረስኩ። የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። ሰልባቲዮው ከሽቦው ወርዶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሐጂ በዚያ ዕድሜያቸው ራሳቸው መሰላል ወጥተው ነው ያወረዱት።

«ውሰጂው» አሉኝ።

«ስንት ልክፈል?»

«ዋጋ የለውም። ውሰጂው ልጄ።»

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ይኸው ምላሴ መርካቶን ረታ አልኩ! ለግርማ ልደውልለት ብዬ የሱቁን ስልክ ሳነሳ ሐጂ ከእጄ ተቀበሉኝ። «ጠዋት ሞክሬ ነበር፣ የድሬ መስመር ተበላሽቷል» አሉ። የድሬ መስመር መቼ ሠርቶ ያውቃል! አመንኳቸው። ከዚያ «ቁርስ በልተሻል?» ብለው ከጎረቤት ምግብ ቤት የጾም ፍርፍር አስመጡልኝ። እንዲህ አጠገቤ ተቀምጠው ጉርሻዬን የሚቆጥሩ እስኪመስሉ ድረስ «ጨምሪ፣ ጨምሪ» አሉኝ። ደግ ሽማግሌ ናቸው ብዬ በላሁ።

ስጨርስ ነስሩን «ሸማ ተራ ውሰዳትና ለዕቃው መጠቅለያ ጥሩ ጋቢ ግዛ» አሉት።

ሸማ ተራ ላይ ሻጩ ጋቢውን ዘርግቶ «ለማን ነው? ቁመቱ ምን ያህል ነው?» አለ።

«ለሰልባቲዮ ነው» ስለው ሻጩም እኔም በሳቅ ፈረስን። ነስሩ ብቻ አልሳቀም። «አይዞህ፣ አይባክንም፣ ስደርስ ለግርማ አለብሰዋለሁ» አልኩት። ፊቱን አዙሮ ከፈለ።

መልስ

ሐሙስ ንጋት ላይ ነስሩ ትንሽ ሻንጣ ይዞ አውቶቡስ ተራ ጠበቀኝ። ድሬ ጎማ ተገኝቷል ተብሎ ሐጂ ልከውኝ ነው አለ። ሐጂም መጥተው ነበር። አውቶቡሱ እስኪነሳ መስኮቱ ስር ቆመው እጃቸውን ብቻ አነሱልኝ።

በጋቢ የተጠቀለለውን ሰልባቲዮ ታቅፌ ናዝሬትን አለፍን፣ መተሐራን አለፍን። አዋሽ ላይ ያው ምግብ ቤት ገባን። ነስሩ ለእኔ የክርስቲያን ጥብስ አዘዘልኝ፣ ለራሱ ሻይ ብቻ።

«አንተስ አትበላም?»

«ይብሉ እትዬ። ትንሽ ይጨምሩ።»

ልክ እንደ ሐጂ። ጉርሻዬን ይዤ ቀረሁ። እኛ አገር ሰው ሲሞትበት ሳይበላ አይነገረውም፣ ከተነገረው በኋላ እህል እንደማይቀምስ ስለሚታወቅ።

«ነስሩ» አልኩት፣ «ሐጂ ለግርማ ሰላም በይልኝ አላሉም እኮ።»

የሻይ ብርጭቆውን አየ። «ይብሉ እትዬ። መጀመሪያ ይብሉ።»

ፍርፍሩ፣ የተበላሸው መስመር፣ ያለ ዋጋ የወረደው ገድ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገጠሙልኝ። ግርማዬ ሞቷል። ልጮህ ነበር። ነስሩ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ቤቴ ሳልደርስ፣ ለቀስተኛ ሳይከበኝ እንዳይነግረኝ ለሐጂ ምሎ እንደመጣ ገባኝ። መሐላውን ላስፈርሰው አልፈለግኩም። ጉርሻውን አስገድጄ ዋጥኩት፣ ሌላም ደገምኩ። «ጥሩ ጥብስ ነው» አልኩት።

ከአዋሽ እስከ ድሬ ያለው መንገድ እንዲያ ሲረዝም አይቼ አላውቅም። እጄን ከጋቢው ስር ሰድጄ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ላይ አኖርኩት። ነስሩ የማላውቅ መስሎት በመስኮት ያያል፣ እኔም የማላውቅ መስዬ በመስኮት አያለሁ።

ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። እትዬ አስካለና የእድሩ ሽማግሌዎች ወጥተው ያዙኝ። ያን ጊዜ ጮህኩ፣ ከአዋሽ ጀምሮ የዋጥኩትን ሁሉ ጮህኩት። ግርማ ያረፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ጎማ ላይ ተቀምጬ ስከራከር ነው። ማታውኑ፣ እኔ ከሱቁ እንደወጣሁ፣ ለሐጂ ተደውሏል። ረቡዕ ቀበሩት፣ የድሬ ሙቀት አያስጠብቅም። «ሙሉ አገኘችው?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። «አዎ፣ ይዛ እየመጣች ነው አልኩት፣ ፈገግ አለ» አሉኝ እትዬ አስካለ እያለቀሱ።

ነስሩ ድንኳኑ መሀል በርጩማ አስመጣ። ጋቢውን ፈትቶ ሰልባቲዮውን ከግርማ ፎቶ አጠገብ አስቀመጠው። በገጠር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው መሀል ይገባል፣ ያየ ሁሉ ያለቅሳል። «ሐጂ ሞተሩን በሙሉ ባገኘው ኖሮ አስጎትቼ እልክ ነበር፣ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው ብለዋል» አለኝ ነስሩ። የባጃጅ ሹፌሮች መጡ፣ ድሮ አብረውት የተወዳደሩ ሁለት ሰዎችም መጡ። በየተራ ቀረቡና የተላጠውን ቦታ ነካ ነካ እያደረጉ ተቀመጡ።

አሁን ሰልባቲዮው ከአልጋዬ ራስጌ ነው። ጋቢውን እለብሰዋለሁ።

ወደ መርካቶ ለምትሄዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስለ ቦርሳችሁ አትጨነቁ፣ ስለ ዋጋውም አትጨነቁ፣ ነጋዴው እስከተከራከራችሁ ድረስ አገር ሰላም ነው። ሳይከራከር ዕቃውን ያስታቀፋችሁ ቀን ግን ቁሙና ወደ ቤታችሁ ደውሉ። መስመሩ ተበላሽቷል ካላችሁ ሌላ ስልክ ፈልጉ።