ከጠረጴዛው ስር ያለው ድስት

ቻምቦሊ ሰፈር ውስጥ ዕድሜዋ ከስልሳ ያለፈ ሴት አግኝታችሁ የኤስናርትን የሐሙስ ፕሮግራም ካነሳችሁባት፣ የያዘችውን ሁሉ አስቀምጣ መሳቅ ትጀምራለች። ኤስናርት በቴሌቪዥን ምግብ አሠራር የምታሳየን ቆንጆ ነበረች። ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ በማዕድን ከተማችን በኪትዌ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ በጎረቤት ይሞላል፤ ቦታ ያጣ በመስኮት ያያል። በነጭ ሽርጧ ላይ አንዲት የወጥ ጠብታ አይተንባት አናውቅም። ጥሬውን ቦሎቄ ድስት ውስጥ ትጨምርና፣ ሦስት ጊዜ አማስላ፣ «እስኪበስል አንጠብቅም መቼም» ብላ ፈገግ ትላለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ስር ሌላ ድስት ታወጣለች። ክዳኑን ስታነሳው በስሎ፣ ቀልቶ፣ እንፋሎቱ ይወጣል። ቀልቶ የምለው ከልማድ ነው እንጂ ቴሌቪዥናችንስ ጥቁርና ነጭ ነበር።

ያን ጊዜ አንዲት አዲስ ሙሽራ፣ ቦሎቄ ሦስቴ ካማሰሉት የሚበቃው መስሏት፣ ከማዕድን ጉድጓድ ሥራ ለገባው ባሏ ጥሬውን አቀረበችለት። ባልየው «ጥርሴን ከፈለግሽው ንገሪኝ፣ ራሴ ነቅዬ እሰጥሻለሁ» አላት ተብሎ ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ከረመ። የበሰለውን ድስት ማን እንደሚሠራው ግን አንዳችንም አልጠየቅንም። የምትሠራው ባና ቾላ ነበረች።

ባና ቾላ ማለት የቾላ እናት ማለት ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ካሱባ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሴት አንዴ ከወለደች በልጇ ስም ትጠራለች፤ የራሷን ስም የሚያስታውስላት የለም። ባሏ እንኳ፣ ሌላ የማዕድን ከተማ ሄዶ ሌላ ሴት ዘንድ እስኪቀር ድረስ፣ ባና ቾላ ነበር የሚላት። ቴሌቪዥን ጣቢያው የገባችው ወለል ልትወለውል ነው። አንድ ቀን ታዲያ መወልወያዋን እንደያዘች፣ ኤስናርት ድስት አሳርራ ስታለቅስ ደረሰችባት።

«ምን ሆኑ ባማዮ?» አለቻት፤ እናቴ እንደማለት ነው።

«አራተኛዬ ነው። አራት ድስት አሳረርኩ። ቀረጻው ሊጀመር ደግሞ አንድ ሰዓት ነው የቀረው።»

«አገሩን ወጥ የሚያስተምሩት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«እኔ የምችለው ማውራት ነው፣ ባና ቾላ። በማውራት ማንም አይችለኝም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባና ቾላ በቀረጻ ቀን መወልወያውን ታስቀምጣለች። ከቀረጻው ክፍል ጀርባ ባለችው ጠባብ ማድ ቤት የዱባ ቅጠል በኦቾሎኒ፣ ደረቅ ዓሣ በቲማቲም እየሠራች፣ ድስቱን ከድና ከጠረጴዛው ስር ታስቀምጣለች። ስሟ አይጠራም። እውነቱን ለመናገር አልከፋትም፤ ወጧን አገሩ ሁሉ ሲያደንቅላት ከበሩ ጀርባ ቆማ መስማት ደስ ይላት ነበር። ኤስናርትም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ከተረፈው ምግብ እየጠቀለለች ለልጅሽ ትላታለች።

ልጅቷ ቾላ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማድ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብላ እናቷን ትጠብቃለች። መጠበቅ ስል ዝም ብላ እንዳይመስላችሁ፤ አፏ ለአፍታ አያርፍም። በፕሮግራሙ መጨረሻ አንድ ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይቀምስና «ይጣፍጣል» ይላል። አንድ ረቡዕ ቀረጻ ላይ የሚቀምሰው ልጅ ታሞ ቀረ። አዘጋጁ ግራ ተጋብቶ ማድ ቤት ብቅ ሲል ቾላን አያትና፣ «እቺን አምጫት» አለ። እናቷ ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችላት።

«አንድ ቃል ብቻ ነው የምትናገሪው፤ ይጣፍጣል። ሌላ ትንፍሽ እንዳትይ።»

«እሺ።»

ቾላ አንድ ማንኪያ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ኤስናርት ጎንበስ ብላ «እሺ የኔ ቆንጆ፣ እንዴት አድርጌ ነው ያበሰልኩት?» አለቻት። ልጅቷ ማንኪያውን መለሰችላት።

«እርስዎ አይደሉም ያበሰሉት። እናቴ ናት። ቤትም እንዲህ ነው የምትሠራልኝ።»

ኤስናርት ሳቀችና ተሰናበተች። በዚያ ዘመን ካሴት ቆርጦ መቀጠል ብዙ ጣጣ ስለነበረው፣ በማግስቱ እንዳለ ተላለፈ። ሰፈራችን ጉድ አለ። ያ ሁሉ ዓመት በዓይናችን ስንበላ የኖርነው የማንን ወጥ እንደሆነ ያወቅነው ያኔ ነው።

ባና ቾላ ግን ያን ረቡዕ ከሥራ የምትባረር መስሏት ደሟ ፈልቶ ነበር። ልጅቷ ከበርጩማው ዘላ ወርዳ ወደ ማድ ቤቱ ስትሮጥ፣ በሩ ላይ ጠብቃ ጭኗን ቆነጠጠቻት። አጥብቃ ነው የቆነጠጠቻት።

«ማን ተናገሪ አለሽ? ሁለተኛ አፍሽን ብትከፍቺ ወዮልሽ።»

«አልዋሸሁም እኮ» አለች ቾላ እያለቀሰች።

ማንም አላባረራትም። እንዲያውም አዘጋጁ ስቆ አለፈው። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲያ ጣቢያው ግቢ ስትገባ አፏን በእጇ ትሸፍን ጀመር።

በዚያው ዓመት ዝናቡ ሲገባ ቾላን ትኩሳት ያዛት፤ በአራተኛው ቀን ሞተች። ፎቶ የላትም። እናቷ ለገና ፎቶ ቤት እወስድሻለሁ እያለች ቃል ስትገባላት ነበር፤ ገናው ሳይደርስ ቀረ። እኛም ባና ቾላ ማለታችንን አልተውንም፤ ሌላ ምን ብለን እንጥራት። ውኃ ስትቀዳ ባና ቾላ፣ ገበያ ስትወጣ ባና ቾላ። በቀን ስንቴ የሞተችውን ልጇን ስም እንደምንጠራባት እኔ ያኔ አላሰብኩትም፤ ዛሬ ሳስበው ነው የሚያመኝ።

ከቀብሩ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ባና ቾላ የካሴቱን ክፍል ስትጠርግ የማሽኑ ሠራተኛ ሉክዌሳ አሮጌ ካሴቶች ሲመርጥ አገኘችው። ካሴት ከውጭ ስለሚመጣ አይበቃም ነበር፤ በድሮው ላይ አዲሱ ይቀረጽበታል።

«የድሮውስ የት ይሄዳል?»

«የትም። ይጠፋል።»

«የቾላም?»

«ተራው ሲደርስ» አለ ሉክዌሳ ሳያስበው። ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ግን ደነገጠ፤ የቾላን ካሴት ፈልጎ አወጣላት።

ማንበብ አትችልም። እንዳይጠፋት በኦቾሎኒ ዘይት የወዛ አውራ ጣቷን ሳጥኑ ጥግ ላይ አትማ፣ ከሁሉም ካሴት ስር ቀበረችው። ሰው የሚወስደው ከላይ ነው፤ ከላይ ያለው ሲያልቅ ታች ያለው ብቅ እንዳይል በየሳምንቱ እየደረደረች ትጨምርበታለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረች። አጫውቱልኝ ለማለት ድፍረት አልነበራትም። መኖሩን ካወቅኩ ይበቃኛል ትል ነበር።

አልበቃትም። አንድ ጠዋት ስትነሳ የቾላ ድምፅ ጠፋባት። ፊቷ አለ፣ ሳቋ አለ፣ ድምፁ ግን ቢጠሩት አልመጣ አለ። ቀኑን ሙሉ «እናቴ ናት» የሚለውን በልጅቷ ድምፅ ልትሰማው ሞከረች፤ የሚመጣላት የራሷ ድምፅ ነው። በማግስቱ ማክሰኞ ሉክዌሳ ዘንድ ሄደች።

«ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሰማኝ። እናቴ ናት ስትል ብቻ። ሌላ አልፈልግም።»

«እስከ ዛሬ ምን ያዘሽ? ዓርብ ማሽኑ ሥራ የለውም፤ ዓርብ ነዪ።»

ሉክዌሳ ደግ ሰው ነው። እንዳልረሳው ብሎ ካሴቱን ያን ቀን ከተቀበረበት አወጣና ማሽኑ አጠገብ አስቀመጠው። ማሽኑ አጠገብ ያለ ካሴት ደግሞ ይቀረጽበት ማለት ነው፤ እዚያ ቤት ይሄን የማያውቅ የለም፣ እሱም ያውቃል። ረቡዕ እኔ ራሴ አለሁ ብሎ ነበር። ረቡዕ ጠዋት አማቱ መሞታቸውን ሰምቶ ቀብር ሄደ። የተካው ሰው ጥፋት የለበትም፤ ያገኘውን ካሴት አነሳ።

ያን ረቡዕ ባና ቾላ የምትሠራው የዱባ ቅጠል በኦቾሎኒ ነበር። ዓርብ ሊደርስ ሁለት ቀን ስለቀራት እያንጎራጎረች ነው ኦቾሎኒውን የወቀጠችው። ከቾላ ሞት ወዲህ ስታንጎራጉር የተሰማችው ያኔ ነው። አብስላ፣ ቀምሳ፣ ከድና ድስቱን ከጠረጴዛው ስር አስቀመጠች። ከግድግዳው ማዶ የቀረጻው ቀይ መብራት በራ።

ዓርብ አዲሱን የቺቴንጌ ጨርቋን አገልድማ መጣች። ሉክዌሳ ወንበር ሳበላት፤ ሳጥኑ ጥግ ላይ ያለውን የጣቷን አሻራ አሳያትና ካሴቱን አስገባ። ኤስናርት ብቅ አለች። «እስኪበስል አንጠብቅም መቼም» ብላ ጎንበስ አለች፣ ድስቱን አውጥታ ክዳኑን አነሳች።

«ይሄ የረቡዕ ነው» አለች ባና ቾላ። «ከትናንት ወዲያ የሠራሁት ነው። ሌላ አስገብተህ ነው፣ ወንድሜ።»

ሉክዌሳ ሳጥኑን አገላበጠው። ካሴቱን አልተሳሳተም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት» አለ።

«እኔ ነኝ አውጣ ያልኩህ» አለች።

አጥፋው አላለችውም፤ እሱም አላጠፋውም። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ የራሷን ወጥ አየች። የረቡዕ ቀረጻ ከድሮው ትንሽ አጥሮ ኖሮ፣ የቴሌቪዥኑ መስኮት ተርገብግቦ የድሮው ጫፍ መጣ። የመዝጊያው ሙዚቃ ብቻ ይሰማል። ኤስናርት እጇን እያወዛወዘች ትሰናበታለች። ከኋላዋ አንዲት ልጅ ከበርጩማ ዘላ ወረደች። ፊቷ አይታይም፤ ጀርባዋ ብቻ። ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ ማድ ቤቱ በር ሮጠች። ከዚያ ጠቆረ።

እጇን ዘርግታ እንደነበር ባና ቾላ በቆነጠጠቻት ቀን በንዴት አላየችም ነበር።

«ልድገመው?» አላት ሉክዌሳ።

«ድገመው።»

ደገመላት፤ ደግሞ ደገመላት። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ከወንበሯ ተነስታ እጇን ወደ ቴሌቪዥኑ መስተዋት ዘረጋች። ልጅቷ ግን ጀርባዋን ሰጥታት ነው የምትሮጠው፤ በሩ ላይ ልትቆነጥጣት ወደምትጠብቃት ወደ እናቷ።