የእድሩን ሳጥን ነቅዬ የወጣሁ ቀን

የሰፈራችን እድር «የእኛን ወሬ ኩባንያ አይጠብቅልንም» ብሎ ሁሉም ከሚጠቀምበት ትልቁ የኢንተርኔት ገጽ ወጣና የራሱን ከፈተ። ገጹን የምታሠራውን ትንሽ የኮምፒውተር ሳጥንም «እማማ አስካለ ታማኝ ናቸው» ብለው ታቦር ሰፈር እኔ ቤት አስቀመጧት።

እኔ ደግሞ ልጆቼ፣ እሳት ስለምፈራ ሶኬት ሁሉ ሳልነቅል ከቤት አልወጣም። ቅዳሜ ለት ሳጥኗንም ነቀልኩና ስልኬን ረስቼ ዓሣ ልገዛ ሐይቅ ዳር ወረድኩ።

ስመለስ ከቤቴ በር ፊት ባለው ሜዳ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ዓሣዬን እንዳንጠለጠልኩ ገብቼ አብሬ አለቀስኩ። ሲደክመኝ አጠገቤ ነጠላዋን ተከናንባ የምታነባውን ጎረቤቴን «ማን ሞቶብን ነው?» አልኳት።

ቀና ሳትል «አስካለ ናታ! ገጹ ድንገት ጠፋ፣ ስልኳ አይነሳ፣ በሯ ዝግ። ወይኔ፣ ሳጥኑን እንግዲህ ማን ይጠብቀዋል?» አለች።

«ኧረ እኔው እጠብቀዋለሁ» አልኳት።