በቀን የተኛሁባቸው ዓመታት

ቡሬ ከተማ ዳር ባለ አንድ የብስኩት ፋብሪካ አራት ዓመት ተኩል ሌሊት ሠርቻለሁ። ስገባ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የቀጠረኝ ሰው፣ "ለጊዜው የቀን ቦታ የለም፤ ሦስት ወር ሌሊት ሥሪና እናዛውርሻለን" አለኝ። ሦስት ወር ምን አላት ብዬ ፈረምኩ። እንደ እኔ ሦስት ወር ተብለው የገቡ፣ ከዚያ ወዲህ ልጅ ወልደው ጡት ያስጣሉ ሴቶች መኖራቸውን የሰማሁት ከገባሁ በኋላ ነው።

ሥራው ራሱ ከባድ አልነበረም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ከማሽኑ የሚወርደውን ብስኩት እየለቀምን በካርቶን እንደረድራለን። የሚከብደው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሲሆን ሰውነት እንደ ረጠበ ጆንያ ይጎተታል፤ ዓይን ተገልጦ ሳለ ሌላው አካል ይተኛል። የመንቂያውን መላ ቀድመውኝ የገቡት አስተማሩኝ፤ ስኳር የበዛበት ሻይና የተሰባበረ ብስኩት። የተሰበረው ስለማይሸጥ ብትበላው የሚቆጣሽ የለም። አንድ እፍኝ ትበያለሽ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ትነቂያለሽ፣ ከዚያ ሌላ እፍኝ። ርቦኝ አልነበረም የምበላው። እንዳልወድቅ ነበር።

ጠዋት የምመለሰው ቆርቆሮ ወደለበሰች አንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ከጀርባዋ የእህል ወፍጮ አለ። ሦስት ሰዓት ላይ ወፍጮው ይነሳል፤ አራት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ይግላል። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋረድኩ፣ ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩ፣ ስልኬን ማጥፋት ለመድኩ። አከራዬ ደግ ሴት ነበሩ፤ ነገር ግን ጤነኛ ሰው በቀን መተኛቱ አልዋጥላቸው አለ። በሩን ቀስ ብለው ያንኳኩና፣

"ልጄ፣ አሞሽ ነው?" ይሉኛል።

"ደህና ነኝ እትዬ። ሌሊት ሥራ አድሬ ነው።"

"እሱንስ አውቃለሁ። ፀሐይዋ እኮ አናት ላይ ወጣች ብዬ ነው።"

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አይመለስም። አራት ሰዓት ሙሉ የተኛሁበትን ቀን እንደ በዓል እቆጥረው ነበር። የዕረፍት ቀኔ ሲመጣ ደግሞ ሰው ሁሉ በሚተኛበት ሌሊት አፍጥጬ ጣሪያ ሳይ አድራለሁ። ሰውነቴ ሌሊቱንም ቀኑንም ጠላው።

መጀመሪያ የቀሚሴ ዚፕ አልዘጋ አለ። ቀጥሎ ጫማዬ ጠበበኝ። ከዚያ ከፋብሪካው እስከ ቤቴ ያለችው አጭር ዳገት ሁለት ጊዜ ቆሜ የምተነፍስባት ሆነች።

በገባሁ በዓመቱ ለፋሲካ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄድኩ። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲመጡ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ የሚያስኬድ ገጠር ነው። እናቴ ከደጅ አየችኝና በሁለት እጇ ጉንጮቼን ያዘች።

"እሰይ! እሰይ! አገሩ ተስማማሽ! ፊትሽ እንዴት ሞላ!"

ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየችኝ። በእኛ ዘንድ የከሳ ሰው ችግር ያለበት ነው፤ የወፈረ ሰው እግዜር ያየው ነው። ሴቶቹ ክንዴን እየነኩ መረቁኝ። እኔም ሳቅሁ። ደስታዋን ምን ብዬ ላፍርሰው?

አባቴ ግን አንዴ አይተውኝ ወደ በረቱ ሄዱ። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ በአካባቢያችን በሬ በማወቅ ይታወቁ ነበር። በሬ የሚገዛ ሰው ገበያ ሲወርድ ይዟቸው ይሄዳል። አመሻሽ ላይ ከበረቱ አጠገብ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ደህና ትተኛለሽ?"

"እተኛለሁ አባየ።"

የበሬያቸውን ጀርባ እየዳበሱ፣ "አታላይ ሻጭ በሬውን ሌሊት ጨው ሲያልሰው ያድርና ንጋት ላይ ውኃ ያጠጣዋል" አሉኝ። "ገበያ ሲደርስ ቆዳው ተወጥሮ የሰባ ይመስላል። እጅ ሲያርፍበት ግን ሥጋ የለውም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለእናትሽ አትንገሪያት፤ ደስ ብሏታል" አሉ።

በቀጣዩ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ የንስሐ አባቴን ፈልጌ ሄድኩ። እውነቱን ነገርኳቸው።

"አባ፣ ሌሊት ካልበላሁ ቆሜ እወድቃለሁ። የምበላውም ወተት ያለበት ነው።"

"እኛም ለማኅሌት ሌሊቱን ቆመን እናድራለን። ግን ማኅሌቱ ዓመቱን ሙሉ በየሌሊቱ አይደለም። አንቺን ማን አስገደደሽ?" አሉኝ። "ሻዩን ጠጪ፤ ብስኩቱን ለመተው ሞክሪ። ትወድቂያለሽ ካልሽ ግን ብዪ፤ እግዚአብሔር መውደቅሽን አይፈልግም።"

ለሳምንት ተውኩት። በስምንተኛው ሌሊት ቆሜ አንቀላፋሁና ግንባሬን ከማሽኑ ብረት ጋር አጋጨሁ። ደሙን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ እንደገና መብላት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ የንስሐ አባቴ ዘንድ አልተመለስኩም፤ አፈርኩ።

ራስ ምታቱና ጥማቱ ሲብስብኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አንዲት ነርስ መዘነችኝ። በሦስት ዓመት አሥራ ስምንት ኪሎ ጨምሬያለሁ። ደሜን ከመረመረች በኋላ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ ተቀመጠች።

"ስኳርሽ ገና በሽታ አልተባለም፤ ደጅሽ ላይ ግን ቆሟል።"

"ምኑን ልተው? እንጀራውን? ስኳሩን?"

"ስኳሩን ተዪ። ግን ሰዓቱም አለ። ሆድም በሌሊት ማረፍ ይፈልጋል፤ አንቺ እየቀሰቀስሽ ታበዪዋለሽ። እንቅልፍ ሲያንስ ደግሞ ረሃብ ይበረታል፤ ጣፋጭ ጣፋጩን ያሰኛል።" ከዚያ ዓይኗን በመዳፏ አሸችና ፈገግ አለች። "እኔም የሌሊት ተረኛ ነኝ። ምክሩ ለእኔም ነው።"

በማግስቱ ወደ ቀን እንዲያዛውሩኝ ጠየቅሁ። ወረፋ ያዢ ተባልኩ። ከፊቴ ብዙ ሴቶች ነበሩ፤ እኔም ከኋላ ተሰለፍኩ።

አራት ዓመት በሞላኝ ክረምት አባቴ ታመሙ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወስደዋቸው፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ "ቤታቸው ይረፉ" ተብለው ተመለሱ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ ማንም ግን አልተናገረውም። ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ ያጥራቸው ስለነበር ቀና አድርጎ የሚደግፋቸው ሰው ያስፈልጋል። እናቴና ወንድሜ በድካም አለቁ። እኔ በዕረፍት ቀኔ፣ መንገድ ክፍት ሲሆን፣ እየሄድኩ ሌሊቱን ተረከብኳቸው። በዚያ ቤት ሌላው ያልቻለውን መንቃት እኔ ያለ ምንም ችግር ቻልኩ። ያ ክፉ ልማዴ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

አንድ ሌሊት ትራሳቸውን ሳስተካክል፣

"በየሌሊቱ እንዲህ ተቀምጠሽ ነው የምታነጊ?" አሉኝ።

"ቆሜ ነው አባየ።"

"በሬ እንኳ ሌሊት አይጠመድም" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያለቀሱ መሰለኝ። ጨለማ ስለነበር አላረጋገጥኩም። ማረጋገጥም አልፈለግሁም።

ኅዳር ላይ ነው የሆነው። ከሥራ ገብቼ እንደ ልማዴ ስልኬን አጥፍቼ ጋደም አልኩ። የዚያን ቀን ሰማዩ ደመና ስለነበር ቆርቆሮው አልጋለም። መብራት በመጥፋቱ ወፍጮው ቆሟል። በዓመታት ውስጥ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም፤ ሕልም የሌለው፣ ጥልቅ እንቅልፍ። ስነሳ ሰውነቴ ቀሎኝ፣ ልቤ ያለ ምክንያት ደስ ብሎት ነበር። ተጣጥቤ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ ስልኬን ከፈትኩ።

የወንድሜ መልእክት ገባ። "አባየ ዛሬ ጠዋት አረፉ። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስልክሽ አይሠራም። ቶሎ ነይ።"

ሰዓቱን አየሁ። ዘጠኝ ከሃያ ይላል።

እየጮህኩ ስወጣ አከራዬ ከማድ ቤታቸው ብቅ አሉ። ነገሩን ሲሰሙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ለካ አምስት ሰዓት ግድም አንድ ያገራችን ባጃጅ ነጂ መጥቶ፣ "ቤት ትፈለጋለች" ብሎ ነበር። መርዶ ለባዕድ ሰው በበር አይነገርምና ከዚያ በላይ አላለም። እሳቸውም፣ "ምስኪን፣ ዛሬ ገና እንቅልፍ ወስዷታል፤ ስትነሳ እነግራታለሁ" ብለው መለሱት። አራት ዓመት ሙሉ ሲቀሰቅሱኝ ኖረው ያን ቀን አዘኑልኝ። ምን ልበላቸው? በእሳቸው አልፈርድም።

በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሬ እየሮጥኩ፣ እየቆምኩ፣ ትንፋሼ እያጠረ ስደርስ መሽቶ ነበር። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑን ሞልቶታል። ወንድሜ እጁ ላይ አፈር ነበረ። እናቴ ስታየኝ ደረቷን መምታቷን አቆመች።

"ስንጠራሽ፣ ስንጠራሽ…" አለች።

በሣልስቱ ቀን ከሴቶቹ መሐል ተቀምጬ አንቀላፋሁ። ከደረስኩ ጀምሮ ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር፤ ቀን ሲሆን ሰውነቴ የለመደውን አደረገ። ስነቃ ዙሪያዬ ጸጥ ብሏል። የአባቴ እህት ጥርት ባለ ድምፅ፣

"እሷ ምን አለባት? በልታ ጠግባ ትተኛለች። አባቷንም ተኝታ አስቀበረች" አለች።

ቀና ብዬ እናቴን አየኋት። ልትናገርልኝ ትችል ነበር። ክንዶቼን፣ አገጬን፣ በጥቁሩ ቀሚስ ውስጥ የተወጠረውን ገላዬን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታይ ሆና አየችኝ፤ ከዚያ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። እስከ አርባው ድረስ ከሰላምታ በቀር አላነጋገረችኝም።

ፋብሪካው አልተመለስኩም። ዕቃዬን ከቡሬ አንስቼ ፍኖተ ሰላም ገባሁ፤ አሁን ደብተርና እስክርቢቶ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ በቀን እሠራለሁ። ከጨመርኩት ኪሎ ገሚሱ ወርዷል። ስኳሬ ከነበረበት አልባሰም፤ አልተሻለምም። የሚያውቁኝ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ "ምነው ከሳሽ? ምን ነካሽ?" ይሉኛል። እንቅልፌ ግን አልተመለሰም። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አሁንም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ በራሱ ይገለጣል። የሚያየኝ ሐኪም ጊዜ ይፈልጋል ይላል። ስንት ጊዜ እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም።

ባለፈው ወር እናቴ ዓይኗን ልትታከም እኔ ዘንድ መጥታ አደረች። አንድ አልጋ ላይ ተጋደምን። ሌሊት ስነቃ እሷም ነቅታ ኖሯል።

"እማየ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አልኳት። "ቀብሩ እንዴት ነበር?"

ብርድ ልብሱን ወደ አገጯ ሳበች። የማትመልስልኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች። ማን ማን እንደተሸከማቸው ነገረችኝ። ወንዙን ሲሻገሩ አንዱ ተሸካሚ አዳልጦት አልጋው እንዴት እንዳዘነበለ፣ ወንድሜ እንዴት ዘሎ እንደያዘው። ካህናቱ ስንት እንደነበሩ። አፈሩ ድንጋይ የበዛበት ስለነበር መቆፈሩ እንዴት እንደዘገየ።

"ቆየት ያሉት ለእኔ ነው?" አልኳት።

"ወንድምሽ ትንሽ ይጠበቅ ብሎ ነበር። ካህናቱም ጠበቁ። ኋላ መሸ።"

ሌላም ሌላም ነገረችኝ፤ ድምፅዋ እየሳሳ፣ ቃላቱ እየተራራቁ ሄዱ። ገና አልጨረሰችም ነበር፤ በመሐል እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ እስኪነጋ ከጎኗ ተጋድሜ ትንፋሿን ስሰማ አደርኩ።