የጠፋችው በቅሎ ማስታወቂያ

ሰቆጣ፣ እኛ ሰፈር፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጥር ላይ አንድ የቆርቆሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር። ሰው ወረቀቱን የሚለጥፈው በሊጥ ስለነበር ዝናብ ያልወሰደውን ፍየል ይልሰዋል። ቢሆንም የእድር ስብሰባውን፣ ተዝካሩን፣ የክትባቱን ቀን የምንሰማው ከእሱ ነበር።

እኔ ያኔ ፊት ለፊቱ ባለው የአክስቴ ሻይ ቤት እሠራ ነበር። ጽሕፈቴ ደህና ስለሆነ ማስታወቂያ የሚያጽፍ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል።

አንድ የገበያ ቀን ከጋዝጊብላ የመጡ እናት አቧራ ለብሰው ገቡ። በቅሏቸው ገመዷን በጥሳ ጠፍታለች። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እህል የሚጭኑባት፣ ሲታመሙም ሐኪም ቤት የምታደርሳቸው እሷ ነበረች። ሻይ ሰጥቻቸው ጻፍኩ፤ መልኳ ዳማ መሆኑን፣ የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ የተቀደደ መሆኑን። ከዚያ አነበብኩላቸው።

«ጥሩ ነው ልጄ» አሉ ዝግ ብለው። «ግን የሚያገኛት የአገሬ ሰው ነው። ገበያተኛው ሲነበብ ሰምቶ እንዲገባው በኛው ጻፊው።»

በኽምጥኛ ማለታቸው ነው። ከእናቴ ጋር የምንነጋገርበት ቋንቋ ነው፤ ግን ጽፌው አላውቅም።

«እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም እማማ» አልኳቸው።

«እንደምትናገሪው ጻፊዋ።»

እሳቸው ቃሉን እየጎተቱ ይሉልኛል፣ እኔ ፊደል እፈልጋለሁ። የሚስማማ ስናጣ የሚቀርበውን እያስገባሁ ሁለታችንም እንስቃለን።

ስለጥፈው የቀበሌው ዘበኛ፣ ሽማግሌው፣ መጡ። «ይኼን ደግሞ ማን ያነበዋል?» አሉ።

«እርስዎ ነዎታ» አሏቸው ሴትዮዋ።

ሽማግሌው ጠጋ ብለው ፊደል በፊደል ይቆጥሩ ጀመር። ከጆሮዋ ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው መጣ። ከዚያ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡት። ገበያተኛው ሸክሙን እያወረደ ተሰበሰበ። አንዱ «ይህ ቃል እንዲህ አይባልም» ይላል፤ ከደሃና የመጣ አንድ ሰው ደግሞ «እኛ ዘንድ እንዲህ ነው» ይላል። የእኔ እናትም ለገበያ ወጥታ ከሰዉ ኋላ ቆማ ነበር። ማንበብ አትችልም። የገዛ ቋንቋዋን ከቀበሌ ሰሌዳ ላይ ሲነበብ ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ማታ «ወረቀት ላይ ሲወጣ እንዲህ ያምራል?» ብላ ጠየቀችኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ያ የደሃናው ሰው በቅሎዋን እየሳበ መጣ። ከአህዮቹ ጋር ስትግጥ አግኝቷት፣ ጆሮዋን አይቶ ማስታወቂያውን አስታወሰ። ሴትዮዋ መጀመሪያ በቅሎዋን ቀጥሎ እኔን ግንባራችንን ሳሙን። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ የሚያጽፍ ሁሉ «በሁለቱም አድርጊልኝ» ይለኝ ጀመር።

ቆርቆሮው በጦርነቱ ጊዜ ከነአጥሩ ጠፋ። ዛሬ የእድሩ መልእክት የሚመጣው በስልክ ነው። ባለፈው የአንድ ጎረቤታችንን መርዶ ጓዳ ውስጥ ብቻዬን አነበብኩት። እግሬ ዝም ብሎ ወደ በር ወሰደኝ። ከማዶ ያለችው ጎረቤቴም ስልኳን እንደያዘች ወጥታለች።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰማሁ» አልኳት። አጥሩን ተደግፈን ስለ ሟቹ እያወራን ብዙ ቆየን።